ሁሉም ሬዚደንት 4 ከ5 ነው፤ ታዲያ ማታ ማንን ብቻውን እናስገባ?

የማታ_ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን) መገምገሚያ ፎርም እያስተካከልን ነው። ያለው ፎርም በየሦስት ወሩ ይሞላል፤ ውጤቱ ለሁሉም 4 ነው። ሎግቡኩም (ሬዚደንቱ የገባባቸውን ቀዶ ሕክምናዎች የሚመዘግብበት ደብተር) 40 ትርፍ አንጀት ይላል እንጂ ማን እንደሠራው አይናገርም። አንድ አር3 (የሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት) ሲኒየሩ (የሚቆጣጠረው ሐኪም) ቤቱ ሆኖ በስልክ እየተከታተለው ትርፍ አንጀት እንዲያወጣ ለመፍቀድ ምን እንይ?

ጓንት_7ተኩል፦
ጥያቄውን ቀይሩት። "ምን ያህል ጎበዝ ነው?" ሲባል ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ "አንተ ምን ያህል ገባህበት?" ሲባል ግን የሆነውን ይጽፋል። የኦታዋው የቀዶ ሕክምና ብቃት መመዘኛ፣ ኦ-ስኮር፣ እንዲህ ነው፦ 1 እኔው ሠራሁት፣ 2 እየነገርኩ አሠራሁት፣ 3 አልፎ አልፎ አስታወስኩት፣ 4 ለክፉም ለደጉም እዚያው መሆን ነበረብኝ፣ 5 መኖሬ አላስፈለገም። የኬሱን ክብደት የሚጠይቅ አንድ መስመር ጨምሩበት፤ ያልፈነዳ ላይ 5 ያገኘ፣ መግል የሞላበት ላይ 2 ሊሆን ይችላል። ፎርሙ ጓንት እንደወለቀ ይሞላ። ሲምፕል የሚባለው የቀዶ ሕክምና ምዘና አፕ 72 ሰዓት ካለፈ ምዘና አይቀበልም፤ ልክ ነው።

ሎግቡክ_አንባቢ፦
እስማማለሁ፤ ግን ጎበዝ ረዳት ደካማ እጅ ይሸፍናል። ሲኒየሩ ሲከሙን (ትርፍ አንጀት የሚነሳበትን የትልቁ አንጀት መጀመሪያ) በባብኮክ (አንጀት መያዣ መሣሪያ) አውጥቶ ትርፍ አንጀቱን ፊቱ ካቆመለት፣ ማሰርና መቁረጥ ማን ያቅተዋል? ሬዚደንቱ "እኔ ሠራሁት" ብሎ ሲመዘግብም አልዋሸም።

ሲከሙን ማን አገኘው? ቴኒያዎቹ (በትልቁ አንጀት ላይ የሚሄዱት የጡንቻ መስመሮች) የሚገናኙበት ሥር ድረስ ወረደ ወይስ መሐል ላይ አሰረ? ሥሩን ሳያይ የሚያስር ረጅም ጉቶ ይተዋል፤ ጉቶው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ካልሆነ በኋላ መልሶ ሊቆጣ ይችላል። የሜሶአፔንዲክሱ (የትርፍ አንጀቱን ደም ሥር የያዘው ስስ ሽፋን) ክር ሾልኮ ደም ሲመጣስ በጭፍን ክላምፕ (መቆንጠጫ) ይከታል ወይስ ተጭኖ ይዞ ሳክሽን (ደም መምጠጫ) ይጠይቃል? ኢንሲዥኑ (ሆዱ የተከፈተበት ቦታ) እንዲሰፋ ማን ተናገረ? ይህን ለማየት ሲኒየሩ ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ብቻ ይዞ ዝም ይበል፤ አደጋ ካልመጣ በቀር። (ከባዱ ሥልጠና ለሲኒየሩ ነው።)

የማታ_ተረኛ፦
ገራገር ሲኒየር እየመረጡ ቢያስሞሉስ?

ጓንት_7ተኩል፦
ያስሞላሉ እንጂ! ስለዚህ ኬሱን ሬዚደንቱ አይምረጥ፤ በተረኝነት የገባ ትርፍ አንጀት ሁሉ ይሞላ፣ የተለያዩ ሲኒየሮች ይሙሉት፣ ውሳኔው የኮሚቴ ይሁን። ምዘናውም ከቢላው በፊት ይጀምር። የአሜሪካ ቀዶ ሕክምና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከለያቸው 18 የሚታመኑ ሥራዎች (ሬዚደንቱ ብቻውን ሊሠራቸው የሚታመንባቸው) አንዱ ትርፍ አንጀት ነው፤ ከምርመራ እስከ ድኅረ ቀዶ ክትትል ያለውን ይጨምራል።

የስልክ ክትትል ደግሞ ሬዚደንቱ ከደወለ ብቻ ነው። ከመታጠቡ በፊት "ምን ሲያጋጥምህ ትደውላለህ?" በሉት። "ሥሩ በስብሶ ክር አልይዝ ካለ፣ ሲከሙ ላይ እብጠት ካገኘሁ፣ ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ" ካለ ጥሩ። "ችግር ካለ እደውላለሁ" ካለ ገና ነው።