ከሰዓት በኋላ ኦክስጅኑ 12 ሚሊግራም፣ ሲነጋ ግን የሞተ ዓሣ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልን። ጥልቀቱ 4 ሜትር በሆነ ትንሽ ሐይቅ ዳር ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ስንለካ የሟሟ ኦክስጅን በሊትር 12 ሚሊግራም፣ ፒኤች (የውኃው አሲድነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) 9.2 ይወጣል። ውኃው አረንጓዴ ነው። ሲነጋ ግን ዓሣ ሞቶ ተንሳፍፎ ይገኛል። የተሳሳተው መሣሪያው ነው ወይስ አለካካችን?

መልስ 1፦
ያሳሳታችሁ ሰዓቱ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከአየር የጠገበ ውኃ የሚይዘው 9.1 ሚሊግራም ገደማ ነው። 12 የደረሰው ውኃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ (ጥቃቅን የውኃ ዕፅ) በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ስለሚያመርት ነው፤ ፒኤቹም ከፍ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚወስድ ነው። ሌሊት ያው አልጌ ኦክስጅኑን መልሶ ይተነፍሰዋል። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለኩ። ከ2 ሚሊግራም በታች ከወረደ ዋናው ተጠርጣሪ የኦክስጅን እጥረቱ ነው። አሞኒያንም አትርሱ፤ ፒኤች 9.2 ሆኖ ውኃው 25 ዲግሪ ከሞቀ፣ ካለው አሞኒየም (ብዙም መርዛማ ካልሆነው መልኩ) ግማሽ ያህሉ ወደ መርዛማው አሞኒያ ይለወጣል።

መልስ 2፦
ዳሩ ብቻውን ስለ ሐይቁ አይናገርም። ጥልቁ ቦታ ላይ ጀልባ አቁማችሁ በየግማሽ ሜትሩ ሙቀትና ኦክስጅን መዝግቡ። ላዩ ሞቆ ታቹ ቀዝቅዞ ከተደራረበ ኃይለኛ ነፋስ ኦክስጅን አልባውን የታች ውኃ ወደ ላይ ያመጣዋል። መለኪያው ጭቃ ከነካ ንባቡ ዋጋ የለውም፣ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ከፍ ያለ አገር ላይ ከሆናችሁ የቦታውን የአየር ግፊት መለኪያው ላይ አስገቡ፤ በባሕር ወለል ግፊት ከተስተካከለ ከእውነቱ በላይ ያነባል።

መልስ 3፦
አልጌውን የሚመግበው በአብዛኛው ፎስፈረስ ነው። እሱን ለማስለካት የናሙና ጠርሙሱን በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥባችሁ በተጣራ ውኃ አለቅልቁ፤ ፎስፌት ያለበት ሳሙና ከነካው ናሙናው ተበላሸ። ለሟሟው ፎስፈረስ እዚያው ጀልባው ላይ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አጣሩ፤ ሳይጣራ ካደረ አልጌው ይጠቀመዋል። ከዚያ በበረዶ፣ በጨለማ። ወደ ሐይቁ የሚገባ ረግረግ ካለ ከመግቢያውም ከመውጫውም በአንድ ቀን ቅዱ። እግር የቀሰቀሰው ደለል ፎስፈረሱን ስለሚያንረው ጠርሙሱን በዘንግ ጫፍ አስራችሁ ካልረገጣችሁት ቦታ ቅዱ።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። መለኪያችን ስስ ሽፋን ያለው ነው፤ ውኃው ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው የምናነበው።

መልስ 2፦
ያ ዓይነት በጫፉ ያለውን ኦክስጅን እየበላ ነው የሚያነበው፤ ካላንቀሳቀሳችሁት ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። እንግዲያው 12 ያላችሁትም ራሱ ዝቅ ብሎ የተነበበ ነው። ንባቡ እስኪረጋ ቀስ እያላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት።