ስፖርቶማቲክ ማርሽ በመንገድ ላይ ኃይል ያቋርጣል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ከቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ወር የ1970 ሞዴል ፖርሽ 911 ቲ ገዛሁ። ማርሹ ስፖርቶማቲክ የሚባለው ነው፤ የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም። ደህና እየሄደ ሳለ ድንገት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ኃይል ያጣል። ከአፍታ በኋላ ይመለሳል። ያሳየሁት ጋራዥ ካምቢዮው መውረድ አለበት አለኝ። እውነት ነው?

መልስ 1፦
አስወርደውና በተለመደው ማንዋል ቀይረው። ስፖርቶማቲክ አውቶማቲክም ማንዋልም ያልሆነ ነገር ነው። ለስፖርት መኪና አይመጥንም።

መልስ 2 (መካኒክ፣ ሽቱትጋርት)፦
ወንድሜ፣ እባክህ አታስወርደው! አዲስ አበባ የቮልስ ፍሪሲዮን በመቀየር ጀምሬ፣ እዚህ አሮጌ መኪና ስጠግን 22 ዓመት ሆኖኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ስትነዳ ቀኝ እጅህ የት ነው የሚያርፈው? የማርሹ ዘንግ ላይ ከሆነ ነገሩ እዚያ ነው። ዘንጉ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ መገናኛ አለች። ዘንጉን ገፋ ስታደርገው ትገጥማለች፣ ቫልቭ ይከፈታል፣ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ቫኪዩም ፍሪሲዮኑን ያላቅቀዋል። እጅህን ስታነሳ መልሶ ይይዛል። መገናኛዋ ክፍተቷ ከጠበበ የእጅ ክብደት ብቻ ይበቃታል። የቫኪዩም የጎማ ቱቦዎቹ ቢሰነጠቁ ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ፍሪሲዮኑ በደንብ ስለማይላቀቅ ማርሽ ስታስገባ ይንገጫገጫል።

መብራት ላይ ሞተሩ የማይጠፋው ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፍ ክፍል) ስላለው ነው። ያ ደግሞ የሚሠራው በሞተሩ በራሱ ዘይት ነው፤ ስለዚህ የዘይቱን መጠን ችላ አትበል።

ከላይ ለጻፍከው ወንድሜ፦ በነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ባለው የኑርበርግሪንግ የመኪና መወዳደሪያ ላይ በተካሄደው የ84 ሰዓት ውድድር ኤልፎርድ፣ ሄርማን እና ኔርፓሽ ያሸነፉት ስፖርቶማቲክ በተገጠመለት 911 አር ነው። ሦስት ቀን ተኩል ሙሉ! ፖርሽም እስከ 1980 ድረስ ሲገጥመው ኖሯል። ማርሹን የሚመርጠው አሁንም ሹፌሩ ነው፤ የቀረለት የግራ እግሩ ሥራ ብቻ ነው። ይህን ካምቢዮ አውጥቶ የሚጥል ሰው ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማርሽ ለመቀየር ካልሆነ ዘንጉን ሳልነካ 40 ማይል ነዳሁ፤ አንድ ጊዜም አላቋረጠም። ማታ ባለቤቴ እየነዳች እጇን ዘንጉ ላይ ስታሳርፍ ወዲያው ጮኸ።

መልስ 2፦
እንግዲያው ካምቢዮህ ደህና ነው። የዘንጉን እጀታ ፍታና የመገናኛዋን ክፍተት አስተካክል፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።