የጋራ ሰርቨራችን ራሱን እንዲያስተዳድር የቀረበ ረቂቅ ዕቅድ፦ የአባላት አስተያየት

የከዚራ አባል፦ ባለፈው ግንቦት የደረሰብንን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም። ረቂቁ የሚጠይቀው፣ የልብ ምታችንና ላባችን እኛ ሳናስብበት በነርቭ ሥርዓታችን እንደሚስተካከሉ ሁሉ፣ ሰርቨሩም ራሱን እየተከታተለ፣ ብልሽቱን እየመረመረና መፍትሔውን እያቀደ በራሱ እንዲያስፈጽም ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም በ2001 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይኸው ሐሳብ ነው።

የመጋላ አባል፦ የረቂቁ ርእስ ላይ «ራስ ገዝ» የሚል ቃል ገብቷል። ማመልከቻውን የሚያነብ ኃላፊ ሰርቨር ሳይሆን ክልል የምንጠይቅ ስለሚመስለው ይቀየር።

የከዚራ አባል፦ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ተብሏል፤ ክልል ልሁን አላለም።

የሳቢያን አባል፦ «ራስ ፈዋሽ» ቢባል ያስማማል።

የመጋላ አባል፦ እሱ ደግሞ የባህል ሐኪም ማስታወቂያ ይመስላል።

የከዚራ አባል፦ ራስን መፈወስ ከአራቱ ጠባዮች አንዱ ብቻ ነው፤ ራስን ማዋቀር፣ አሠራርን ማሻሻልና ራስን ከጥቃት መከላከል የት ሊገቡ ነው? እርስዎ ባለፈውም ማኅተሙ ክብ ይሁን ሞላላ በሚል አንድ ወር አስፈጅተውናል።

የመጋላ አባል፦ ሞላላ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ ባልተጨናነቀ ነበር። መዋጮዬ ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ በደንቡ መሠረት የተከፈለ መዋጮ አይመለስም።

የሳቢያን አባል፦ በግንቦቱ ብልሽት ሌሊት ዲስኩ ሰርቨሩ የሥራ ውሎውን በሚመዘግብበት የሎግ ፋይል ሞልቶ ሳለ፣ የክትትል ፕሮግራሙ ዳታቤዙን እስኪነጋ አሥራ አንድ ጊዜ አጥፍቶ አስነሥቶታል፤ ይህ የወባ በሽተኛን በፓራሲታሞል ብቻ ከማስታመም አይለይም። የጎደለን ማስነሣቱ ሳይሆን ምርመራው ሆኖ ሳለ፣ የምርመራውን ክፍል እጽፋለሁ ብሎ እጁን ያወጣው አባል ከማክሰኞ ወዲህ ስልክ አያነሣም።

የከዚራ አባል፦ በማኅተሙ ነገር የተናገርኩትን አንስቻለሁ። ርእሱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።

ሰብሳቢ፦ ነገሩን ከሰውነት ጋር ካነጻጸርነው አይቀር፣ ሰው ሲሞቀው ያልባል፤ የእኛ ሰርቨር ግን በድሬ ሙቀት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ፣ ያለው በሲባጎ የታሰረ አንድ ቬንቲሌተር ነው። ስለዚህ ዕቅዱ በኤሲ ግዢ ይጀምር።

ገንዘብ ያዥ፦ ኤሲ ከተገዛ ለፕሮግራሙ የሚተርፍ ገንዘብ እንደማይኖር ተመዝግቦ ይያዝልኝ። ሦስቱን ፕሮፎርማ ከከተማችን ታይዋን ገበያ የሚያመጣው ማን ነው?

የመጋላ አባል፦ ከዚያ በፊት ርእሱ ይስተካከል፤ «የማቀዝቀዣ ግዢ» ከተባለ ፍሪጅ ይመስላል።