«ጊዜ የሰጠው ቅል» ወይስ «ሰሞነኛ»? ድንገት ስለሚያበራ ኳርተርባክ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የአሜሪካ ፉትቦል እከታተላለሁ። አንድ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት የነካው ሁሉ ሲሰምርለት በአማርኛ ምን እንላለን? እኔ «ቀንቶታል» እላለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። የሁለታችን አባባል አንድ ነው? የፊላዴልፊያ ኢግልሱ ኒክ ፎልስ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያሳየውን አስቡልኝ።

መልስ፦
አንድ አይደለም። «ቀናው» ማለት ተሳካለት ነው። አዳኝም ይቀናዋል፣ ነጋዴም ይቀናዋል። ስለ ነገ ግን ምንም አይናገርም። ተረቱ ግን ይፈርዳል። ቅሉ ድንጋይ ሰበረ እንጂ ድንጋይ አልሆነም፤ ጊዜው ሲያልፍ ያው ቅል ነው። ጓደኛዎ «ይሄ አይዘልቅም» እያሉ ነው። ደግሞም ተረቱ ንቀት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሳይገባው ከፍ ብሏል በሚባል ሰው ላይ ነው። ለስፖርተኛ ይከብዳል።

ሌላ አባል፦
የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ወቅታዊ አቋም» ይላሉ። «ጥሩ አቋም ላይ ይገኛል» ሲሉ የአሁኑን ብቻ ነው የሚገልጹት። ሰውየው ይዞት የሚዞረውን ችሎታ «ብቃት» ይሉታል። እኔ እነዚህን ሁለቱን ለይቼ መጠቀም እመርጣለሁ።

ሌላ አባል፦
ስለ ፎልስ የተነሳው ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ተረቱን ከመጥቀሳችን በፊት ቁጥሩን ማየት አለብን።

በ2013 ፎልስ 317 ጊዜ ወርውሮ 27 ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን እስከ ተጋጣሚው ሜዳ መጨረሻ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ፣ አስቆጠረ። ተጋጣሚ የጠለፈበት ኳስ 2 ብቻ ነው። በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ኦክላንድ ሬደርስ ላይ በአንድ ጨዋታ 7 ተችዳውን ወርውሮ ክብረ ወሰኑን ተጋራ። በሊጉ ከ100 ውርወራ 4 ወይም 5 ተችዳውን የተለመደ ነው። የእሱ 8 ተኩል ነበር። እንዲህ ከተለመደው እጥፍ ሊሆን የደረሰ ቁጥር ሳይ እኔ መጠራጠር እጀምራለሁ። የተጠለፈ ኳስም ያታልላል። ተከላካዩ እጁ የገባውን ኳስ ቢጥለው ስህተቱ መዝገብ ላይ አይወጣም፤ ውርወራው ግን ያው መጥፎ ውርወራ ነው።

በዚያ ላይ ብቻውን አልነበረም። የቡድን ጓደኛው ሌሾን ማኮይ በዚያ ዓመት ኳስ ይዞ በመሮጥ የሊጉ አንደኛ ነበር። አሰልጣኙ ቺፕ ኬሊም ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር፤ ተጋጣሚዎች አጨዋወቱን አልለመዱትም። በ2014 ፎልስ በ8 ጨዋታ 13 ተችዳውን ሲያስቆጥር 10 ኳስ ተጠለፈበት። ከዚያ በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት ተሰበረ። በቀጣዩ ዓመት ለሴንት ሉዊስ ራምስ ተሰጠ፤ እዚያም ቋሚነቱን አጣ።

ታዲያ የሚዘልቅ ነገር ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ እዩ። ጫና ሳይደርስበት ሲወረውር ምን ያህል ያደርሳል? ኳስ እንደያዘ ተከላካዮች መሬት ሳይጥሉት ቶሎ ይወስናል? እነዚህ ከዓመት ዓመት ያን ያህል አይዋዥቁም። ተከላካዮች እላዩ ላይ እየመጡ የሚወረውረው ግን በጣም ይዋዥቃል፤ ዓይን የሚማርከው ደግሞ እሱ ነው።

ጠያቂው፦
እንግዲያው ጓደኛዬ ልክ ነው? ፎልስ ቅል ነበር?

ያው አባል፦
አይደለም! በ2017 የውድድር ዘመን ፎልስ ወደ ኢግልስ ተመልሶ ነበር፤ የቡድኑ ቋሚ ኳርተርባክ ካርሰን ዌንትዝ ሲጎዳ እሱ ተተካ። በፌብሩዋሪ 4፣ 2018 (እ.ኤ.አ.) በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ በሱፐር ቦውል፣ 373 ያርድ ወረወረ፣ 3 ተችዳውን አቀበለ፣ አንዱን ራሱ ተቀብሎ አስቆጠረ። የታዋቂውን ኳርተርባክ የቶም ብሬዲን ቡድን ፓትሪዮትስን 41 ለ33 አሸንፈው የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ለእሱ የምመርጠው «ሰሞነኛ» ነው። ዛሬ «ሰሞነኛ ወሬ» ስንል ቶሎ የሚያልፍ ማለታችን ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ሰሞነኛ የሳምንቱ አገልግሎት ተራ የደረሰው ካህን ወይም ዲያቆን ነው። ያገለግላል፣ ለተረኛው ያስረክባል፣ ተራው ሲደርስ ይመለሳል። ሙያው አስቀድሞ አለው። ፎልስን ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው ቃል አላገኘሁም።

ሌላው ኳርተርባክ ከርት ዋርነር ግን ሰሞነኛም አይደለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ይደረድር የነበረ ሰው በ1999 41 ተችዳውን ሲወረውር ብዙዎች ቅል ሊሉት ይችሉ ነበር። በ2001 እንደገና የሊጉ ኮከብ ሆነ። በ2008 የውድድር ዘመን የአሪዞናን ቡድን ለሱፐር ቦውል አበቃ። ይሄ «ብቃት» ነው።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ለጓደኛዬ አነብለታለሁ። አሜሪካኖቹ እጁ ሞቀ እንደሚሉት በቀጥታ ብንወስደውስ?

የመጀመሪያው መላሽ፦
ባይሆን ይሻላል። «ሞቅ ብሎታል» ካሉ ሰው የሚገባው መጠጥ እንደቀመሰ ነው። አራት አምስት ጨዋታ ብቻ ከሆነ የእርስዎ «ቀንቶታል» በቂ ነው።