የባሌስትራው ፈረስ እግር ተሰንጥቋል፤ ሳይወድቅ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሰንዳፋ)፦
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። አባቴ ከባሌስትራ (ከመኪና ሥር ሸክም ከሚይዘው የብረት ሞላ) እና ከሌላ የመኪና ቁርጥራጭ የሠሩት የብረት ፈረስ ደጃችን ላይ ቆሟል። ሌሊት ዝናብና ነፋስ ሲያንገላታው አድሮ የኋላ ግራ እግሩ ከሰኮናው በላይ ተሰነጠቀ፤ አሁን ወደ መንገዱ አዘንብሏል። በዚያ በኩል ልጆች ይመላለሳሉ። በቅርቡ በያጅ አምጥቼ አስበይጄው ነበር፤ ገንዘቡን ተቀብሎ አበላሽቶት ሄደ። የሚይዘው ምን ዓይነት ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ነው? አባቴ ገጠር ስለሄዱ በስልክ አላገኘኋቸውም።

የለገጣፎው፦
ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ደክሞት ይሆናል፤ ገብስ ይስጡት! ቀልዱ ይቆየንና ኤሌክትሮድ ከመፈለግ በፊት ከመንገዱ በኩል በሁለት ወፍራም አጣና ይደግፉት። አንገቱንም በገመድ ከዛፍ ጋር ይሰሩት፤ የአጥር ምሰሶ በእርጥብ አፈር ላይ አይታመንም።

ብረት ነጋዴ፦
7018 የሚባለውን ኤሌክትሮድ ይግዙ፤ አለቀ።

መምህሩ፦
እንዲህ ያለውን ሥራ እንደ ውዳቂ ብረት የሚያይ ብዙ ነው። በሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ካበቃ በኋላ ሕዝቡ ካስረከበው የጦር መሣሪያ ሠዓሊዎች «የሕይወት ዛፍ»ን በይደው አቆሙ፤ ሥራው ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል። ክብሩ ጠመንጃው ጠመንጃ መሆኑ ስለሚታይ ነው። የአባትዎም ባሌስትራ ባሌስትራነቱ ይታይ፤ ጠጋኙ እግሩን በላሜራ እንዳይሸፍነው። ላሜራው ውኃ አቁሮ ከውስጥ ያዝገዋል።

በያጅ ከገላን፦
በያጁን ከመውቀስዎ በፊት ልጠይቅዎ። ሰኮናው ከምን ተሠራ? የተሰነጠቀው ብየዳው ነው ወይስ ከጎኑ ያለው ብረት?

ጠያቂ፦
ሰኮናው የፍሬን ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ የፍሬን ብረት) ነው። ብየዳው እንዳለ አለ፤ ከሥሩ ታምቡሩ እንደ ሸክላ ተሰንጥቋል።

ብረት ነጋዴ፦
አልኩ እኮ፣ 7018።

በያጅ ከገላን፦
እንግዲያው ብየዳው ይዟል፤ የከዳው ታምቡሩ ነው። ታምቡር በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ጊዛ የምንለው ነው። ካርቦኑ ከ2 በመቶ በላይ ስለሆነ መለጠጥ አይችልም፤ አንድ ቦታ ብቻ ሞቆ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። 7018 ደረቅ ከሆነ ለባሌስትራው ደኅና ነው፤ ለጊዛ ግን ኒኬል ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል። ታምቡሩን ሙሉውን ቀስ በቀስ እስከ 250 ዲግሪ ማሞቅ፣ በአጭር በአጭሩ መበየድ፣ በመጨረሻም በደረቅ አመድ ቀብሮ ማሳደር ነው። ይህ ሁሉ ዝናብ ላይ በቆመ ፈረስ አይሞከርም። በእርጥብ መሬት ላይ የሚበይድ ሰው በኤሌክትሪክ ሊያዝ ይችላል፤ ዛሬ ማንንም አያስነኩ።
እኔ ብሆን ታምቡሩን ጨርሶ አልበይደውም። ከምናለሽ ተራ ያልተሰነጠቀ ታምቡር ገዝቼ፣ ከባሌስትራው ጫፍ ጋር ወፍራም ላሜራ እበይዳለሁ፤ ላሜራውን በታምቡሩ የራሱ የቡሎን ቀዳዳዎች አሥረዋለሁ። ባሌስትራውም ቢሆን ከመበየዱ በፊት ይሙቅ፤ ከተበየደ በኋላ ውኃ አይድረስበት፣ ፈጥኖ ከቀዘቀዘ ይሰበራል። ነገ የሌላው እግር ታምቡር ቢሰነጠቅም በቁልፍ ፈትቶ መለወጥ ብቻ ነው።

የሱሉልታው፦
በቡሎኑ እስማማለሁ፤ ቀዳዳው ውስጥ ግሪስ ይቀቡበት። አንድ ነገር ግን ሳይነሣ ቀረ፦ አንገቱ ወይም ሌላው እግሩ ሾክ አብዞርበር (የመኪናን ንጠት የሚያበርድ ቱቦ) አለበት? ካለበት እሳት አያስጠጉት። ዘይቱና ጋዙ ታምቆ ስለሚቀመጥ ሲሞቅ ይፈነዳል። በያጁ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ ከምን እንደመጣ አባትዎን ይጠይቁልን።