ሄክሳን የሚባለውን የጠንቋዮች ፊልም ያየ አለ? መጨረሻው ላይ ግራ ገባኝ

ሌሊት ወፍ፦
ትናንት ማታ መብራት አጥፍቼ ብቻዬን አየሁት። ድምፅ አልባ ነው፤ ዴንማርካዊው ቤንጃሚን ክሪስተንሰን ለስዊድን ኩባንያ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣ። ሰይጣኑን የሚጫወተው ራሱ ዳይሬክተሩ ነው፣ ምላሱን እያርገበገበ ብቅ ሲል ከምር ደነገጥኩ። ግን መጨረሻ ላይ ከመካከለኛው ዘመን ዘሎ ወደ 1921 ይመጣና «ያኔ ጠንቋይ የተባሉት የሂስቴሪያ (ድሮ የሴቶች የነርቭ ሕመም ይባል የነበረው) ታማሚዎች ነበሩ» ምናምን እያለ ሌክቸር ይጀምራል። ፊልሙን አላበላሸውም?

የጨርቆስ ልጅ፦
እኔም መጀመሪያ እዚያ ጋ ስደርስ ዘግቼው ነበር። ለእኔ ፊልሙ ማለት አሮጊቷ ማሪያ ናት። አታሚው ይታመማል፣ የቀለጠ እርሳስ ውሃ ውስጥ ይጨምሩና «ተደግሞበታል» ይባላል፣ ከዚያ ቤታቸው መጥታ ስትበላ የነበረችው ምስኪን ላይ ጣት ይቀሰራል። ሲያሠቃዩአት ትለፈልፋለች፤ የጠቆሟትን ሰዎች ሳይቀር ትጠራለች። ደግሞ ሸማኔ ናት! እኛ አገር ቡዳ ሲባል የኖረው ማን ነው? ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው። ቀንድና ጭራው ምንም አልመሰለኝም፣ ይቺ ግን እንቅልፍ ነሳችኝ።

ትዕግሥት ዘ፦
መጨረሻውን ድገመውና እየው። ዘመናዊቷን ሴት ክሊኒክ አስገብተው ለብ ያለ ሻወር ያዙላታል፣ ወዲያው ደግሞ ጠንቋይ የተባሉት የሚቃጠሉበትን የሚነድ እንጨት ያሳይሃል፤ ፊልሙም እሱ ላይ ያልቃል። ሳይንስ መጣና ተገላገልን የሚል ሰው እንደዚያ አይጨርስም። ሂስቴሪያ የሚለው ቃል ራሱ እኮ ማህፀን ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ያኔ ሰይጣን አለባት፣ በኋላ ማህፀኗ ነው፤ ስሟን ቀየሩላት እንጂ ሴትየዋን ማን ጠየቃት? ሌክቸሩ አሰልቺ መሆኑን ግን አልክድም 😄

አሮጌ ፊልም፦
ማሪያን የሠራችው አሮጊት በቀረጻ መሃል «ሰይጣን እውነት ነው፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ አይቼዋለሁ» እንዳለችው ዳይሬክተሩ እዚያው ፊልሙ ላይ ጽፎታል። ሌላ ቦታ ደግሞ አንዷ ወጣት ተዋናይ የማሠቃያ መሣሪያውን፣ የአውራ ጣት መጨፍለቂያውን ልሞክረው ብላ ጣቷን ትሰጣለች፣ እሱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን እንዳናዘዛት አልናገርም ይላል። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. የ1968ቱን፣ ጃዝና ትረካ የተጨመረበትን አጭሩን ቅጂ ከሆነ ያየኸው፣ ረጅሙን ፈልግ።

ሌሊት ወፍ፦
ረጅሙን ነው ያየሁት። ጣቷን የሰጠችው ልጅ ስትስቅ አይቼ ቀልድ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ዛሬ ማታ እደግመዋለሁ፣ መብራት ግን አላጠፋም።