«ደውያለሁ» ሁልጊዜ «አይ ሃቭ ኮልድ» ነው?

ፒያሳ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጄ የቤት ሥራዋ ላይ «ትናንት ደውዬልሻለሁ» የሚለውን «አይ ሃቭ ኮልድ ዩ የስተርደይ» ብላ ተርጉማ በቀይ ተሰርዞባት መጣች። «ደውያለሁ» ፕረዘንት ፐርፌክት ነው ተብለን ነው ሁላችንም የተማርነው፤ «ትናንት» ደግሞ የስተርደይ ነው። ታዲያ ስሕተቱ የቱ ጋ ነው? ብታብራሩልኝ ማታ አብረን ቁጭ ብለን እናነበዋለን።

አራት ኪሎ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ በአማርኛው ሕግ ከሄድን ምንም አላጠፋችም። «ትናንት ነግሬሃለሁ»፣ «አምና ከፍያለሁ» ስንል ማንም አያርመንም። እንግሊዝኛው ነው ይህን የማይፈቅደው።

ሁለቱ ቅርጾች በአሠራር በጣም ይመሳሰላሉ። እኛ «ደውዬ» ላይ «አለሁ»ን ደርበን «ደውያለሁ» እንላለን፤ እነሱ «ኮልድ» ፊት «ሃቭ»ን ያስቀምጣሉ። «ሃቭ» ባለቤትነትን የሚናገሩበት ግስ ነው፤ እኛም «መጽሐፍ አለኝ» የምንለው በዚያው በ«አለ» ነው። ተማሪን የሚያሳስተው ይኸው መመሳሰል ይመስለኛል። ቅርጹ ሲገጥምለት አጠቃቀሙም የሚገጥም ይመስለዋል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሃቭ»ን ከማንሳቱ በፊት ሳያስበው የሚመልሰው ጥያቄ አለ፤ የማወራለት ጊዜ በሩ ተዘግቷል ወይስ እስከ አሁን ክፍት ነው? «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2010» በራቸው የተዘጋ ጊዜያት ናቸው፤ ስለዚህ «አይ ኮልድ ዩ የስተርደይ» ብቻ ነው የሚባለው። «መቼ ደረስክ?» ብሎ ለመጠየቅም «ሁዌን ዲድ ዩ አራይቭ?» ነው እንጂ «ሁዌን ሃቭ ዩ አራይቭድ?» አያስኬድም፤ «መቼ» የሚለው ራሱ የተቆረጠ ጊዜ ፈላጊ ነውና። «ዚስ ሞርኒንግ» ግን እንደ ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሆነህ «ዛሬ ጠዋት ቡና ጠጥተሃል?» ብትል «ሃቭ ዩ ሃድ ኮፊ ዚስ ሞርኒንግ?» ትላለህ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያንኑ ስትጠይቅ «ዲድ ዩ ሃቭ» ይሆናል፤ ጠዋቱ አልፏላ።

ሌላው በአማርኛ ሰዋስው «የቅርብ ኃላፊ» ብለን የምናስተምረው ስያሜ ነው። ለአማርኛው ይሁን፤ ለእንግሊዝኛው ሲዋሱት ግን ያሳስታል። ፕረዘንት ፐርፌክት ስለ ቅርበት አይደለም። ከ5 ደቂቃ በፊት የበላ ሰው «አይ ኤት ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ይላል፤ የሩቁን ኃላፊ መሆኑ ነው። ላሊበላን ከ30 ዓመት በፊት ያየ ደግሞ «አይቭ ቢን ቱ ላሊበላ» ይላል፤ ምክንያቱም የሚያወራለት ጊዜ መላ ዕድሜው ነው፣ ዕድሜውም ገና አላለቀም። ይህን አንድ ነገር ልጅህ ከያዘች ግማሹን ጨረሰች።

ስታዲየም፦ መምህር፣ እዚህ ላይ ልጨምር። ዕድሜ ካሉ አይቀር፣ በሕይወት ያለና የሌለ ሰውም ይለያያል አይደል? አበበ ቢቂላ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1960 ሮም፣ በ1964 ቶኪዮ ማራቶንን አሸንፏል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና፣ በ2000 ሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝታለች። በአማርኛ «አሸንፏል»፣ «አግኝታለች» ለሁለቱም እኩል ይሄዳል።

አራት ኪሎ፦ በትክክል። ለደራርቱ «ሺ ሃዝ ዎን ቱ ኦሎምፒክ ጎልድ ሜዳልስ» ይባላል፤ ዓመቱ እስካልተጠራ ድረስ ማለቴ ነው። «ኢን 1992» ካልክ ግን «ሺ ዎን» ትመለሳለህ። አበበ በ1973 ስላረፈ ለእሱ «ሂ ዎን» ነው የሚባለው፤ «ሂ ሃዝ ዎን» ለእንግሊዝኛ ጆሮ ሰውየው ዛሬም ያለ ያስመስለዋል። ጃንሆይም እንደዚሁ። በ1966 ጃማይካን ጎብኝተዋል፤ እንግሊዝኛው ግን «ሂ ቪዚትድ» ይላል። እኛ ያለፈን ሰው ሥራ በ«-ኣል» ስንናገር ሥራው ዛሬም አለ፣ ተመዝግቧል ማለታችን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አማርኛ በሁለት ፊደል መሸከሙን ሳስብ በእውነት ደስ ይለኛል።

ካዛንቺስ፦ እኔ የማስተረጉም ሰው ነኝ፤ በስብሰባ ላይ በብዛት የምሰማው ግን ከጊዜ ቃላቱ ይልቅ የሁኔታ ግሶቹ ነገር ነው። «ደክሞኛል»፣ «ርቦኛል»፣ «ገብቶኛል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ተኝታለች»፣ «ሸሚዝ ለብሷል»። ቅርጻቸውን ብቻ ካየን ሁሉም የ«ደውያለሁ» ወገን ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን አሁን ያለ ሁኔታ ነው። እንግሊዝኛው «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ አም ሀንግሪ»፣ «አይ አንደርስታንድ»፣ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሺ ኢዝ አስሊፕ» ይላል። አንድ ተሰብሳቢ «ገብቶኛል» ለማለት «አይ ሃቭ አንደርስቱድ» ሲል ስሕተት ባይባልም እንግሊዞቹ በተራ ወሬ ላይ እንዲህ አይሉም። «ሂ ሃዝ ሳት» ብሎ «ተቀምጧል» ማለት ግን ፈጽሞ አይገባቸውም።

ደግሞ «ሄዳለች»ን አትርሱት። «ለገሃር ሄዳለች» ስንል አሁን እዚህ የለችም፤ «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ለገሃር»። ሄዳ ከተመለሰች ወይም ቦታውን ታውቀው እንደሆነ ለመናገር «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ለገሃር» ይላሉ። አማርኛም ለዚህ የራሱ መንገድ አለው፤ «ሄዳ ታውቃለች»። «ሄደህ ታውቃለህ?» ማለት «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን?»፣ «በልቼ አላውቅም» ማለት «አይ ሃቭ ኔቨር ኢተን» ነው። የእኛን «ማወቅ» እንደ እነሱ «ኤቨር» እና «ኔቨር» አድርጋችሁ ካያችሁት ትርጉሙ ሳይንገዳገድ ይመጣል።

ሜክሲኮ፦ በፊልም «ዲድ ዩ ኢት የት?» ሲሉ እሰማለሁ። መምህሮቻችን ከዚህ «የት» (እስካሁን ማለት ነው) ጋር «ሃቭ» ግድ ነው ይሉን ነበር።

አራት ኪሎ፦ የአሜሪካና የእንግሊዝ ልዩነት ነው። አሜሪካውያን ከ«ጀስት»፣ «ኦልረዲ»፣ «የት» ጋር ተራውን ኃላፊ በወሬ ላይ በሰፊው ይጠቀማሉ፤ እንግሊዞቹ «ሃቭ ዩ ኢተን የት?»ን ይመርጣሉ። በትምህርት ቤት ፈተና ላይ ሁለተኛውን መያዝ ይሻላል። ሌላው የፊልም ችግር ደግሞ የ«ሃቭ» ድምፅ በአፋቸው መሟሟቱ ነው። «አይቭ ሲን»፣ «ሂዝ ጎን» ሲሉ «ሃቭ»ና «ሃዝ» አንድ ፉጨት ብቻ ሆነው ያልፋሉ፣ ጆሮ ያልለመደ አይሰማቸውም።

ስታዲየም፦ ዜናውስ? የእኛ ዜና ሲጀምር «…አስታወቀ» ብሎ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ «ገልጸዋል»፣ «ብለዋል» ይላል። የእንግሊዝኛው ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ካዛንቺስ፦ ጥሩ አስተውለሃል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሃዝ አናውንስድ» ይልና ዝርዝሩ «ሴድ»፣ «አዴድ» እያለ ይወርዳል። በቃል ለቃል የሚተረጉም ሰው ሁለቱንም ያዛባል። እኔ የአማርኛውን «አስታወቀ» «ሃዝ አናውንስድ»፣ «ገልጸዋል»ን ደግሞ «ሴድ» ብዬ ነው የማሳልፈው።

ፒያሳ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ በደንብ ገብቶኛል። አንድ ልጨምር፤ «እዚህ ሰፈር ከገባን 10 ዓመት ሆነን» የሚለውስ?

አራት ኪሎ፦ «ዊ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ»። ብዙዎች «ዊ አር ሊቪንግ ሂር ሲንስ ቴን ይርስ» ይላሉ፤ ትክክል አይደለም። «ሲንስ» መነሻውን ነው የሚፈልገው፤ «ሲንስ 2015»። «ፎር» ደግሞ ርዝመቱን። «ሃቭ»ን ጥለህ «ዊ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ካልክ ደግሞ ሰፈሩን ለቅቃችኋል ማለት ነው።

አሁን የቀረው ትልቁ ጉዳይ አሉታው ነው፤ እኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው ባይ ነኝ። «ደወለች» እና «ደውላለች» በአዎንታ ይለያያሉ፤ በአሉታ ግን ሁለቱም አንድ ይሆናሉ፣ «አልደወለችም»። እንግሊዝኛው እዚህም ላይ ይለያቸዋል፤ «ሺ ዲድንት ኮል» እና «ሺ ሃዝንት ኮልድ»። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ አሉታ ሲተረጉም ከግሱ ቅርጽ የሚያገኘው ፍንጭ የለም፤ አጠገቡ ያለውን ቃል ነው ማየት ያለበት። ማታ ለልጅህ እነዚህን ሦስቱን ስጣትና የመለሰችውን እዚህ አምጣልን፤ «ገና አልደወለችም»፣ «ትናንት አልደወለችም»፣ «ደውላ አታውቅም»።